ጥያቄና መልስ፦ ሒሳብ መምህሩን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ማዘጋጀት

መምህርት ጽጌ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮሌጅ ውስጥ የሒሳብ ማስተማር ዘዴ ነው የማሰለጥነው። ማየት ስለተሳናቸው ልጆች ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ልጁን ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ አታስወጡት።

ጌትነት፦ መምህርት፣ 7ኛ ክፍል ማየት የተሳነው ልጅ ደረሰኝ። የልዩ ፍላጎት ኮርስ ወስጃለሁ፤ ሒሳብ እንዴት እንደማስተምረው ግን ግራ ገባኝ።

መምህርት ጽጌ፦ ግራ ቢገባህ አይገርመኝም። ያ ኮርስ የጉዳት ዓይነቶችን ነው የሚዘረዝረው። እኩልታ ስለማስተማር አያወራም። ሒሳብ ማስተማር ዘዴ ውስጥ ደግሞ አካል ጉዳተኛው አይነሳም። ሁለቱ ኮርሶች ተገናኝተው አያውቁም።

ከአፍህ ጀምር። ሰሌዳ ላይ «ይህን ከዚህ ስንቀንስ» ትላለህ አይደል? ለማያይ ልጅ «ይህ» ምንም አይደለም። «ኤክስ ሲደመር 3 ሲካፈል ለ2» ብትልስ? ለ2 የተካፈለው 3 ብቻ ነው ወይስ ድምሩ በሙሉ? «ላዕሉ ኤክስ ሲደመር 3፣ ታህቱ 2» በል፤ አለቀ።

አብርሃም ኔሜት ራሱ ማየት የተሳነው የሒሳብ ሊቅ ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. የታተመው የሒሳብ ብሬሉ (ብሬል በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሑፍ ነው) ክፍልፋይ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉት። ሒሳብ ለሚያነቡለት ሰዎችም የአነባበብ ሥርዓት አውጥቶላቸዋል። እኛም ሠልጣኞቻችንን ይህን ማለማመድ አለብን። ሁለት ሠልጣኝ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡ። አንዱ እኩልታ በቃል ይበል፣ ሌላው ይጻፍ። ከዚያ ያስተያዩት። ስህተቱን ራሳቸው ያገኙታል።

ሰላማዊት፦ አባከስ፣ ያ በዘንግ ላይ በተሰኩ ፍሬዎች የሚሰላበት መሣሪያ፣ የለንም። ያለሱ ይሆናል?

መምህርት ጽጌ፦ ለመጀመር ይሆናል። የእንቁላል ካርቶን በ2 በ3 ቁረጪ፤ የብሬል ስድስት ነጥብ ማስተማሪያ ይሆንሻል። አንድ፣ አሥርና መቶ ቤትን በቆርኪ አስተምሪ፣ በሦስት የተለያየ ዕቃ እየከፈልሽ። ገበጣ የሚያውቅ ልጅ ካለ ጉድጓዱን በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥራል፤ ተጠቀሚበት።

አባከሱን ግን ከመጠየቅ አትቦዝኚ። በየዘንጉ ላይኛዋ አንዷ ፍሬ 5 ናት፣ ታች ያሉት አራቱ እያንዳንዳቸው 1። ሰባት ለመጻፍ ላይኛዋንና ሁለት ታችኞችን ወደ መሐል ማስጠጋት ነው። ለማየት ለተሳናቸው የተሠራው ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ አለው፤ ፍሬዎቹ ሲነኩ አይንሸራተቱም። ተራው የሱቅ መጫወቻ ግን ልጁ ሲዳስሰው ስሌቱን ያበላሽበታል። ሠልጣኙ መምህር ደግሞ ራሱ ሳያይ ደምሮ መቀነስ እስኪችል ይለማመድ። ዐይን በጨርቅ አስሮ ለጥቂት ደቂቃ ማደናበር ሥልጠና አይደለም፤ ፍርሃት ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ዳዊት፦ ስለ አካል ጉዳተኞች ሥልጠና በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መምህርት ጽጌ፦ የትኛው ጉዳት? ስንተኛ ክፍል? የትኛው የሒሳብ ርዕስ? እሱን ይዘህ ተመለስ።

ሐና፦ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ስሌቱን ይችላሉ፤ የቃላት ፕሮብሌም ላይ ይወድቃሉ። ለምን?

መምህርት ጽጌ፦ ችግሩ ቋንቋው ላይ ነው። ታሪኩን መጀመሪያ በምልክት ቋንቋ ይንገሩት፣ ይሳሉት፣ ከዚያ ወደ ቁጥር። ደግሞ እየጻፍሽ አታውሪ። ልጁ አስተርጓሚውንና ሰሌዳውን በአንዴ ማየት አይችልም። ጻፊ፣ አቁሚ፣ ልጁ ይይ፣ ከዚያ አስረጂ። የቀረውን የምልክት ቋንቋ መምህራን ከእኔ የተሻለ ይነግሩሻል።

ታደሰ፦ ለማየት ለተሳነው ልጅ ግን ከሒሳብ ነፃ ማድረጉ አይሻልም? ለምን ይጨነቃል?

መምህርት ጽጌ፦ ገና ስጀምር ያልኩትን አንብብ። አታስወጡት! ነፃ ያደረግከው ልጅ ነገ ኢኮኖሚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ተዘጋበት ማለት ነው። የጨነቀው መምህሩ ነው፤ ልጁ አይደለም።

ታደሰ፦ ክፍሌ ውስጥ 70 ልጅ አለ እኮ። እንደ ሰበታው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ያለ ልዩ ትምህርት ቤት ይሂድ።

ሐና፦ ሁሉም ልጅ ቤተሰቡን ትቶ አዳሪ ይግባ ነው የምትለው?

ታደሰ፦ እዚያ ቢያንስ ብሬል የሚያነብ መምህር ያገኛል።

ጌትነት፦ ታዲያ እኛን ብሬል ያስተምሩን!

መምህርት ጽጌ፦ ጌትነት ልክ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24፣ ብሬልና ምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራን እንዲቀጠሩ ይላል። አካል ጉዳተኛ መምህራንንም ጨምሮ ነው። የ70ው ልጅ ጭነት እውነት ነው፤ ታደሰ አልተሳሳተም። ግን ቃልን አጥርቶ መናገር ለ70ውም ይጠቅማል። ክርክሩን እዚህ ላይ እናቁም።

ሰላማዊት፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅስ?

መምህርት ጽጌ፦ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። ልጁን የሚያውቁትን ወላጆቹን ጠይቂ።

ዳዊት፦ ተመለስኩ። ማየት የተሳናት፣ 5ኛ ክፍል፣ ክፍልፋይ። መምህራንን ሦስት ቀን ላሰለጥን ነው።

መምህርት ጽጌ፦ ይኸው፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። መጀመሪያ ቀን ወረቀት ማጠፍ፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፤ እጥፋቱ በጣት ይዳሰሳል። በሁለተኛው ቀን ክፍልፋይን በቃል አጥርቶ ማለትና በብሬል መጻፍ፣ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያው (ስታይለስ) በእያንዳንዱ ሠልጣኝ እጅ ገብቶ። ሦስተኛውን ቀን ሙሉ ማስተማር ይሁን። ተማሪዋ ፈቃደኛ ከሆነች ትምጣ፣ የቱ ማብራሪያ እንደገባት ራሷ ትንገራቸው። ስላይድ አታብዛ።