ሞኒተሩ ዜሮ ሲል አትመነው

ወንድሜ፣ «ለማስተርስ ጥናቴ፣ ከኦፕሬሽን የወጡ በሽተኞች ትንፋሽ ውስጥ የቀረውን አይሶፍሉሬን (የሰመመን ጋዝ) በኦፕሬሽን ክፍሉ ሞኒተር ብለካው ያስኬዳል?» ብለሃል። አያስኬድም። እኔ ሞክሬው አራት ወር በልቶብኛል።

1. ማኑዋሉን አውጣና መሣሪያው የሚያነበው ትንሹ ቁጥር ስንት እንደሆነ እይ። የእኛው 0.1 በመቶ ነበር። ይህ 1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1,000 እጅ) ማለት ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ በ1977 እ.ኤ.አ. ለሃሎቴንና ለመሰሎቹ የሰመመን ጋዞች በሥራ ክፍል አየር ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 2 ፒፒኤም ነው! በሽተኛው ነቅቶ እያወራ፣ ሞኒተሩም ዜሮ እያለ፣ ከጡንቻና ከስብ የሚመለሰው ጋዝ ገና በትንፋሹ ይወጣል። እኔ ይህን ሳላጣራ 38 ሰው ለክቼ ቅጹን በዜሮ ሞላሁት። ዲፌንስ ላይ አንዱ ፈታኝ «ጋዙ የለም ነው የምትለኝ ወይስ መሣሪያህ አያየውም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁሉንም እንደገና ጀመርኩ።

2. በፒፒኤም የሚያነብ ኢንፍራሬድ መሣሪያ ፈልግ። የኛ መሥሪያ ቤት ስቶር ውስጥ አንድ ነበር፣ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። ኃላፊው ግን ደብዳቤዬን ሳያነብ «እናንተ ሰው አስተኙ፣ መለካት የእናንተ ሥራ አይደለም» ብሎ መለሰኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። አምስት ሳምንት ተመላልሼ፣ የዲኑን ፊርማ ይዤ ወሰድኩት። ከዚያ ደግሞ ቁጥሩ በየመሀሉ ይዘል ጀመር። ሁለት ቀን ግራ ገብቶኝ ቆየሁ። ለካ ነርሷ እጇን በአልኮል ባሸች ቁጥር ነው! መሣሪያው የአልኮሉን ትነት ከሰመመን ጋዙ አይለይም። ስለዚህ ስትለካ አልኮል ከአካባቢው ይራቅ፤ የተነካበትንም ሰዓት መዝግብ።

3. በአፍንጫ ቱቦ ስትወስድ ካርቦንዳይኦክሳይዱን አብረህ ለካ። የትንፋሹ መጨረሻ ጥርት ብሎ ካልታየ የለካኸው የክፍሉን አየር ወይም የምትሰጠውን ኦክስጅን ነው፣ ጣለው። እኔ እንዲህ ጥዬ ጥዬ 21 ሰው ቀረኝ፤ ግን እያንዳንዱን ቁጥር በማንም ፊት እከራከርበታለሁ። ሪከቨሪያችን (በሽተኞቹ የሚነቁበት ክፍል) ጠባብ ነው፣ መስኮቱም አይከፈትም። አንዲት ነፍሰ ጡር ባልደረባችን ቀኑን ሙሉ በሽተኞቹ ራስጌ ትቀመጥ ነበር። ቁጥሮቹን ይዤ ሜትሮኗ ጋ ስገባ በዚያው ሳምንት ቦታ ቀየሩላት፣ አየር ማውጫም ተገጠመ።

የሞኒተርህን ማኑዋል ፎቶ አንስተህ በውስጥ ላክልኝ፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።