የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ወፍ» የተባለችው ልጅ

ጥያቄ፦ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለን ወጣቶች ለሰፈር ልጆች የምናሳየውን አንድ የእንግሊዝ ፊልም እየተረጎምን ነው። ታሪኩ በወዛደር ሰፈር ያለ ፍቅርና ስርቆት ነው። ከኢንተርኔት ካወረድነው፣ ከምስሉ ሥር ከሚወጣው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ (ሰብታይትል) ተነስተን የአማርኛውን ሠራን። ሲጀምር ልክ ነው፤ እየቆየ ግን ጽሑፉ ወደ ኋላ ይቀራል። ደግሞ ልጁ ፍቅረኛውን «ወፍ» ሲላት ተመልካች ይስቅብናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጽሑፉ ከመነሻው እኩል ቢዘገይ ኖሮ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ «ጂ» ወይም «ኤች»ን መጫን ይበቃ ነበር፤ አንዱ ጭነት 50 ሚሊ ሰከንድ ያንቀሳቅሰዋል። የእናንተ ግን እየሰፋ የሚሄድ ነው፤ ይህ የፍሬም ፍጥነት ልዩነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፉት ነጠላ ምስሎች (ፍሬሞች) ቁጥር ልዩነት ምልክት ነው። በእንግሊዝ ለቴሌቪዥንና ለዲቪዲ የሚወጣ ፊልም በሰከንድ 25 ፍሬም ይሄዳል፤ በ24 የተቀረጸውንም አፍጥነው ያወጡታል። ያወረዳችሁት ጽሑፍ በሰከንድ 23.976 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ የተሠራ ይመስላል። ልዩነቱ 4 በመቶ ቢሆን ነው፤ በአንድ ሰዓት ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይደርሳል።

የቪዲዮውን «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ የፍሬሙን ቁጥር እዩ። 25 ካለ፣ ሰብታይትል ኤዲት በተባለው የጽሑፍ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ከ«ሲንክሮናይዜሽን» ሥር «ቼንጅ ፍሬም ሬት»ን መርጣችሁ ከ23.976 ወደ 25 ለውጡ። ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንግግር አመሳክሩ፤ መሃል ላይ የተቆረጠ ትዕይንት ከሌለ ሌላው ራሱ ይገጥማል። ስታስቀምጡት የፊደል አመዘጋገቡ (ኢንኮዲንጉ) ዩቲኤፍ-8 ይሁን፤ አለዚያ ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። በፍላሽ ቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ ከሰካችሁት ያም ላይበቃ ይችላል፤ የግዕዝ ፊደል የሌለው ቴሌቪዥን ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳያችኋል። ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ አጫውቱት፣ ወይም ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሙት።

ወደ ወፏ እንምጣ። «በርድ» በእንግሊዝ የሰፈር አነጋገር ወጣት ሴት ናት፤ «ቺኬ» ብትሉ ያስኬዳል። አንዱ «በርድ ሠራሁ» ካለ ግን ሴት የለችበትም፤ ከርቸሌ ከረምኩ ማለቱ ነው። «ግራስ»ም ሣር ሳይሆን ጓደኛውን ለፖሊስ የሚያሳብቅ ጆሮ ጠቢ ነው። አስቸጋሪው «ኒክ» ነው፦ መስረቁም፣ መያዙም፣ እስር ቤቱም ኒክ ይባላል። ማን ማንን እንደሚል ካላያችሁ ፖሊሱን ሌባ ታደርጉታላችሁ።

ባለሱቋ ለማታውቀው ደንበኛ «ላቭ» ስትለው «ፍቅሬ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ፊልሙ ውስጥ ያልነበረ ፍቅር ጀመራችሁ፤ «የኔ ጌታ» ይበቃል። በሰሜን እንግሊዝ ወዛደር ቤት ደግሞ «ቲ» ብዙ ጊዜ የማታ ራት ነው፣ «ዲነር» ምሳ። ሰውየው ከፋብሪካ ገብቶ ድንችና ሥጋ እየበላ ከሥሩ «ሻይህን ጠጣ» የሚል ከወጣ ስህተቱ ከዚህ የመጣ ነው።

የወሎን አነጋገር በልኩ ጨምሩ። አንድ ቦታ «አብሽር» ጣል ማድረግ ያምራል፤ የማንቸስተር ወዛደር በየንግግሩ «ወላሂ» ሲል ግን ተመልካቹ ፊልሙን ትቶ እናንተን ማዳመጥ ይጀምራል።