«ቤቱ ይሸጥልኝ» የሚለው የ16 ዓመት ልጅ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ወንድሜና ባለቤቱ በሞት ስለተለዩን ልጃቸውን በሞግዚትነት የማሳድገው እኔ ነኝ። 16 ዓመቱ ነው፤ ጋራዥ ተቀጥሮ ደመወዝ ይቀበላል። «ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ፣ የወላጆቼ ቤት ይሸጥና ባጃጅ ልግዛበት» ብሎ አላስቀምጥ ብሎኛል። አንድ ደላላ ደግሞ 18 ዓመት የሚል መታወቂያ እንደሚያወጣለት ነግሮታል። ሥራ የፈቀደለት ሕግ ንብረቱን ለምን ይከለክለዋል?
አክስቱ ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመታወቂያው ልጀምር፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። በፍጹም እንዳይሞክረው! ሐሰተኛ ሰነድ ማውጣቱ ራሱ ወንጀል ነው። ከዚያም በላይ ልጁ ሳያውቀው ጥበቃውን ይሸጣል። ዛሬ በጠብ ቢከሰስ ዳኛው በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉት የፈቀደውን የቅጣት ማቅለያ ማየት ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱም ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። መታወቂያው 18 ካለ ግን ፖሊስ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ልጇ ከጎልማሶች ጋር የታሰረባት እናት የክትባት ካርድና የክርስትና ስም የተጻፈበት ወረቀት በፌስታል ይዛ ከችሎት ችሎት ስትንከራተት አይቻለሁ። ያን ድካም ለእርስዎ አልመኝም።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ሕጋችን አዋቂነትን በአንድ ቀን አያስረክብም። ከ9 ዓመት ጀምሮ በወንጀል ያስጠይቃል። በ15 ያስቀጥራል፤ ያውም በቀን ከ7 ሰዓት ላልበለጠ ሥራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ተከልክሎ (ጋራዡ ይህን ማክበሩን ይጠይቁልኝ)። በ16 የውርስ ኑዛዜ ማድረግ ይፈቅዳል። መምረጥና ማግባት በ18፣ ለምርጫ መወዳደር በ21 ነው።

ይህ መዘበራረቅ ይመስላል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ደመወዙን ቢያባክን በሚቀጥለው ወር ሌላ ይቀበላል። ቤቱ ከተሸጠ ግን አለቀ። ስለዚህም የልጁን ቤት እርስዎም ቢሆኑ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችሉም። ደላላው ይህን ስለሚያውቅ ነው በመታወቂያ በኩል የመጣው።

ሕጋዊ በር ግን አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 14 ዓመት የሞላውን ልጅ ጥቅሙ የሚጠይቅ ሲሆን ፍርድ ቤት ከሞግዚት ሥር ነጻ እንዲያወጣው ይፈቅዳል፤ ማመልከቻውን እርስዎ ማቅረብ ይችላሉ። አሁን ግን አያቅርቡ። ነጻ የወጣ ልጅ በንብረቱ ረገድ እንደ አዋቂ ይቆጠራል፤ ደላላው ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

በእኔ ምክር፣ በደመወዙ ራሱ ይዘዝበት፤ ጣልቃ አይግቡበት። ቤቱ ተከራይቶ ከሆነ የኪራዩን ደብተር ከፊቱ ዘርግተው ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ባንክ ስንት አለ የሚለውን ያሳዩት፤ በዋና ዋና ጉዳዮች ልጁን ማማከርም የሞግዚት ግዴታ ነው። ባጃጁን አጥብቆ ከፈለገ ከኪራዩ እየተጠራቀመ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ይደርሳል። የልደት የምስክር ወረቀት ከሌለው ደግሞ ይህን ሳምንት ሳያሳልፉ ወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስመዝግቡት።