«ወላጅ አምጣ» ከማለታችሁ በፊት

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ለምትገቡ ወጣት መምህራን፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት መምህራን ሲያገኙኝ የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ነው። «ወላጆች አይተባበሩንም።» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ወላጅ ያስጠራችሁት ለምን ነበር? ልጁ ተደባድቦ፣ አርፍዶ፣ ወይ የቤት ሥራ ሳይሠራ ቀርቶ ነው።

«ወላጅ አምጣ» እኛ አገር ቅጣት ነው። እናት ጉሊቷን ጥላ ትመጣለች፣ በር ላይ ትቆማለች፣ ተማሪ እያየ ትወቀሳለች። አባት ከሆነ እዚያው ቀበቶውን ሊፈታ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። እኛ ባንመታ እንኳ ለሚመታው አሳልፈን ከሰጠነው ምኑን ጠበቅነው? ልጁም ሞኝ አይደለም። የሰፈር ጎረምሳ ወይ ሊስትሮ ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞላችሁ ይመጣል። ይህ ያልገጠመው መምህር ገና አልጀመረም።

ስለዚህ ወላጅን ምንም ጥፋት ሳይኖር አግኙ። መስከረም ሲያልቅ ወይም ጥቅምት ላይ፣ ፈተናም ጠብም ሳይመጣ። ስትገናኙ ብዙ አታውሩ፤ ጠይቁ። ማታ የት ነው የሚያጠናው? ከማን ጋር ነው የሚኖረው? ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን ይሠራል? «ሰነፍ» ብላችሁ የጻፋችሁት ልጅ ሌሊት ተነስቶ ውኃ የሚቀዳ፣ ወይ ታናናሾቹን አብልቶ የሚያስተኛ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

«ወላጅ» ስትሉ ማንን እንደሆነም እወቁ። በወረዳ ከተሞች ካስተማራችሁ ብዙ ተማሪዎቻችሁ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ስንቃቸውን ከቤተሰብ ያመጣሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ። እነዚህን ልጆች በማክሰኞ «ነገ ወላጅ አምጣ» ማለት ከትምህርት ማባረር ነው። አባቱን ማግኘት ከፈለጋችሁ የገበያ ቀን ጠብቁ፤ እህሉን ሽጦ ሲጨርስ በእናንተ በኩል ያልፋል። በአዝመራ ወቅት ክፍላችሁ ተማሪ ሲጎድልበት አትቆጡ። አጨዳው ሳይጀምር ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ፤ ቢያንስ ልጁ የትኞቹን ቀናት እንደማይቀር ተስማሙ። ገበሬ ቃሉን ያከብራል፣ ቀድሞ ካማከራችሁት።

እናቷ አረብ አገር የሆነችም ትኖራለች። አያት ናት የምታሳድጋት፣ ሁሉን የምትወስነው ግን በኢሞ የምትደውለው እናት ናት። ልጅቷ ያመጣችውን ጥሩ ውጤት በድምፅ መልእክት ላኩላት። በሰው ቤት ውላ ለምታድር እናት ያ መልእክት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ሌላ ጊዜ ችግር ሲኖርም ስልኩን ታነሳለች።

ኮሙኒኬሽን ቡክ፣ መምህርና ወላጅ መልእክት የሚጻጻፉበት ደብተር፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ወላጅ ማንበብ ከቻለ። ካልቻለ ማን እንደሚያነብለት አስቡት። ተከሳሹ ራሱ ነው ክሱን የሚያነበው! «ቲቸር ጎበዝ ነው ብላለች» ተብሎ ተፈርሞ ይመለሳል። ለእንዲህ ዓይነት ወላጅ የምትጽፉትን በቃል ንገሩ። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም የሚያግዘው አለው። ማታ ማታ ደብተሩን አስወጥቶ «ዛሬ ምን ተማርክ? ንገረኝ» ማለት ይችላል። ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበትንም ለይቶ ያያል። ይህን አሳዩት፤ «እኔ ምን አውቄ» የሚለው ከትሕትና ይልቅ ከእፍረት ነው።

አነጋገራችሁንም ተጠንቀቁ። ዕድሜያችሁ ሃያ ሁለት ነው፣ ፊታችሁ የቆመችው የእናታችሁ እኩያ ናት። «አንቺ» አይባልም። «እርስዎ» በሉ፣ ወንበር ስጡ። ሰዎቹ መምህር ስለሆናችሁ ብቻ ብድግ ብለው ይቀበሏችኋል፤ ያንን እንደ መብት አትቁጠሩት።

ስብሰባ ላይ ወላጅ የማይመጣበትን ምክንያት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ደፍረን አንናገረውም እንጂ። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ሲጠራ ወላጅ ኪሱን ነው የሚዳስሰው። አጥር፣ ጥበቃ፣ ወንበር፣ መዋጮ። ትምህርት ቤት ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ አልክድም። ግን በዓመት አንድ ስብሰባ እንኳ መዋጮ የማይነሳበት ይሁን ብላችሁ ርእሰ መምህሩን ጠይቁ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሲነገር መምህር በወላጅ፣ ወላጅ በመምህር ጣት ተቀሳሰሩ። ብዙዎቹ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም ነበር።

«ስልሳ ተማሪ ይዤ፣ በዚህ ደመወዝ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ስልሳውን አትሞክሩ። ከስም መጥሪያው ላይ አምስት ስም ምረጡ። የሚረብሹትን አይደለም፤ እነሱን ሁሉም ያውቃቸዋል። ከኋላ ተቀምጠው ድምፃቸው የማይሰማውን፣ ሰኞ ሰኞ የሚቀሩትን ምረጡ። በጥቅምት የአምስቱን ቤተሰብ አግኙ፣ በኅዳር ሌላ አምስት።