የኖርድሊንገን ግንብ የጉድጓዱ ጠርዝ ነው?

«የጀርመኗ ኖርድሊንገን ከተማ ክብ የሆነችው ተወርዋሪ አለት ስለወደቀባት ነው?» ላልከው፦ አይደለም፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ክቦች ያምታታል። ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተወርዋሪ አለት ወድቆ የፈጠረው የሪስ ጉድጓድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከተማዋ በውስጡ ነጥብ ናት። ያየኸው የከተማዋ ክብ እ.ኤ.አ. በ1327 መሠራት የጀመረው፣ 2.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የመከላከያ ግንብ ነው። ዙሪያውን በእግር መዞር ይቻላል።

የአለቱን ግጭት አሻራ ከፈለግህ በከተማዋ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ጠጋ ብለህ እይ፦ በግራጫው መሃል ቀልጦ የረጋ ጥቁር ብርጭቆ መሰል ቁራጭ አለ። ድንጋዩ ሱዌቪት ይባላል። ድሮ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይመስላቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሹሜከርና ቻኦ የተባሉ ተመራማሪዎች በውስጡ ኮሳይት የተባለ፣ እጅግ ከፍተኛ ግፊት ብቻ የሚፈጥረው ማዕድን አገኙ፤ ይህም ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ ሳይሆን ከአለቱ ግጭት የመጣ መሆኑን አሳየ። 90 ሜትር ከፍታ ካለው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ላይ ሆነህ ብታይ እውነተኛው የጉድጓዱ ጠርዝ በሩቅ ያሉት ኮረብቶች ናቸው።