ጥያቄና መልስ፦ ዴዝ ሜታል፣ ወፍራም ክርና አንቺሆዬ

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን አራት ጥያቄዎች መልስ ሰጥተናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ብለድ ኢንካንቴሽን የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ ከ2019ኙ አልበማቸው ጀምሮ እከታተላለሁ። አንድ ጓደኛዬ «አብሶሉት ኤልስዌር» የተባለውን አዲሱን አስደመጠኝ። ሲንተሳይዘር በዝቶበታል፣ ከባዱ ጊታር ጭራሽ የሚጠፋበትም ቦታ አለ። እሱ «አድገዋል» ይላል፤ ለእኔ ግን መንገድ የሳቱ መሰለኝ። እድገትን በምን ትለኩታላችሁ? (መ.ሐ.፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንም አልበሙ ውስጥ የሚሰማ ነው።

ሲንተሳይዘሩ ከሰማይ ዱብ ያለ ነገር አይደለም። እነዚህ የዴንቨር ልጆች በ2016 እና በ2019 ያወጧቸው ሁለት አልበሞች በዴዝ ሜታል (በጩኸት በሚዘፈን ከባድ የጊታር ሙዚቃ) ላይ የቆሙ ናቸው። ሆኖም የ2019ኙ መዝጊያ 18 ደቂቃ የሚሄድ ነው፤ ረጅም ቅርፅ እንደሚፈልጉ ያኔም ያስታውቅ ነበር። በ2022 ደግሞ ጩኸት የሌለበት የሲንተሳይዘር ሥራ አወጡ። እዚያ ድረስ ሜታሉም ሲንተሳይዘሩም በየቤታቸው ነበሩ። በኦክቶበር 2024 የወጣው አዲሱ አልበም ሁለቱን አንድ ቤት አስገባቸው። ያሉበት ሥራዎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ግድም ይወስዳል፣ በሦስት በሦስት ክፍልም ተከፍሏል። የተቀዳው በርሊን በሚገኘው ሃንሳ ስቱዲዮ ነው፤ ታንጀሪን ድሪም የተባለው የጀርመን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ አባል ቶርስተን ክቬሽኒንግም ተጋብዞ ተጫውቶበታል።

እንዴት እንደሚፈትሹት እንንገርዎ። በመጀመሪያ በስልክ ድምፅ ማጉያ አያዳምጡ። ያቺ ትንሽ ማጉያ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን የምታወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ የቤዝ ጊታሩ መሠረታዊ ድምፅ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። የዚህ ባንድ ቤዝ ፍሬት (አንገቱ ላይ የሚተከለው የብረት መስመር) የሌለው ነው፣ ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተተ የራሱን ዜማ ይሄዳል፤ እሱ ካልተሰማ ግማሹ ሥራ አልተሰማም ማለት ነው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ይጠቀሙ። ወረቀት ይያዙና ሙዚቃው ከከባድ ወደ ለስላሳ ወይም ከለስላሳ ወደ ከባድ በተሻገረ ቁጥር ደቂቃውንና ሰከንዱን ይጻፉ። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን መሻገሪያ ለብቻው 15 ሰከንድ ወደ ኋላ መልሰው ይስሙት። ከፊተኛው ክፍል ወደ ኋለኛው የተላለፈ ነገር አለ? ምቱ፣ አንድ የቆመ ኖታ፣ የቤዙ መስመር፣ ከእነዚህ አንዱ ከተሻገረ ደራሲዎቹ ሁለቱን ክፍሎች አብረው አስበዋቸዋል። ከዚያ ለስላሳውን ክፍል ዘለው ከባዱን ብቻ ያጫውቱ። ሪፉ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) ክብደቱ ከቀነሰ ለስላሳው ክፍል ሥራ ይሠራ ነበር። ምንም ካልተለወጠ ማስዋቢያ ነበር።

በዚህ መለኪያ አልበሙ በአብዛኛው ያልፋል። ሁሉም መሻገሪያ እኩል ተሳክቷል አንልም፤ ሪፉ ድንገት ተቆርጦ ሌላ ነገር የሚተካበት ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ግን በ2022 ለየብቻ የተማሩትን በ2024 አንድ ላይ ማሠራታቸው ለእኛ ትልቅ እርምጃ ነው።

የዚህ ሙዚቃ ታሪክም የሚደግፈው ይህንኑ ነው። ዴዝ የተባለው የፍሎሪዳ ባንድ ከ1987 እስከ 1998 ሰባት አልበሞች አውጥቷል። መሪው ቻክ ሹልዲነር በ1991 ለአራተኛው አልበም የሲኒክ ባንድን ጊታሪስት ፖል ማስቪዳልንና ድራመሩን ሾን ራይነርትን፣ ከእነሱም ጋር ቤዚስቱን ስቲቭ ዲጆርጆን አመጣ። ያኔ የተቀየረው የሪፉ አሠራር ነው፦ ድራሙ ጊታሩን ተከትሎ መምታቱን ትቶ መልስ ይሰጠው ጀመር። የካናዳው ባንድ ጎርገትስም በ1993 እና በ1998 መካከል በነበረው ጊዜ ይበልጥ ፈጣን ልሁን አላለም፤ የሚፋተጉ ኖታዎችንና ዝግታን መረጠ፣ ዛሬም ብዙ ባንድ የሚማርበት የዚያን የ1998 ሥራውን ነው። በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ መቁጠር ቀላል ስለሆነ ሰው እድገትን እዚያ ይፈልጋል። ፍጥነት በልምምድ ይመጣል፤ 20 ደቂቃ የሚቆም ቅርፅ ማቆም ግን የድርሰት ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጊታሬን ለዴዝ ሜታል ብዬ ከኢ ወደ ሲ ዝቅ አድርጌ ቃኘሁት። ክሮቹ ላሉ፣ ይንዛዛሉ፣ ወደ አንገቱ መጨረሻ ስሄድ ደግሞ ቅኝቱ ይዛባል። በዚያ ላይ ደሴ ቃኝቼው ኮምቦልቻ ስደርስ ወርዶ አገኘዋለሁ። ጊታሩ ተበላሽቶ ይሆን? (ኢ.፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጊታሩ ደህና ነው፤ ክሩ ነው የቀጠነብህ። የክር ውጥረት የሚቀንሰው በድምፁ እርከን ካሬ ልክ ነው። ከኢ (82.4 ኸርዝ) ወደ ሲ (65.4 ኸርዝ) ስትወርድ 37 በመቶው ውጥረት ይጠፋል። ከ10 እስከ 46 (በኢንች ሺኛ የተለካ ውፍረት) በሚባለው የተለመደ ስብስብ ወፍራሙ ክር በኢ ላይ 8 ኪሎ ግድም ይጎትታል፤ በሲ ላይ 5 ኪሎ ብቻ ይቀረዋል። ወፍራሙ ክር 56 የሆነበትን ስብስብ ግዛ፣ ያ በሲ ላይ ወደ 7.5 ኪሎ ይመልስሃል። ነጠላ ቤዝ ክር ቆርጠህ ለማሰር እንዳትሞክር፤ ለሥራው አልተለካም።

ክሩን ከመቀየርህ በፊት አንገቱ ጫፍ ላይ ያለውን የክር ማረፊያ ተመልከት። ወፍራሙ ክር ቦይው ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ከተቀመጠ፣ ስትቃኝ «ጢንግ» እያለ ይዘላል፣ ቅኝቱም አይጸናም። ያረጀ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ክር ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለህ ቦይውን ወደ ጎን ብቻ አስፋው። ወደ ታች እንዳይጠልቅ ተጠንቀቅ፤ ከጠለቀ ባዶው ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ይንዛዛል፣ ማረፊያውን መቀየርም ሊያስፈልግ ይችላል። ስትጨርስ ቦይው ውስጥ የእርሳስ ግራፋይት ቀባበት።

ቀጥሎ አንገቱን አስተካክል። ወፍራሙን ክር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ ያዝ፤ ሰባተኛው ፍሬት ላይ የሚቀረው ክፍተት ሩብ ሚሊሜትር ግድም ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከሰፋ የአንገቱን ብረት በቀኝ አቅጣጫ ሩብ ዙር ብቻ አዙር፣ መልሰህ ቃኝ፣ እንደገና ለካ። አልዞርም ካለህ አታስገድደው፤ ብረቱ ከተበጠሰ የጊታሩ ዋጋ አብሮ ይሄዳል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ለወፍራሙ 2 ሚሊሜትር፣ ለቀጭኑ 1.5 ይሁን።

ወደ አንገቱ መጨረሻ የሚዛባው ለብቻው የሚስተካከል ነገር ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን በስሱ ነክተህ የሚወጣውን ድምፅ፣ ተጭነህ ከሚወጣው ጋር በመቃኛ አወዳድር። የተጫንከው ከፍ ካለ ብሪጁ ላይ ያለችውን የክር መቀመጫ ወደ ኋላ ሳባት፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርባት። አዲስ ክር ሳታስገባ ይህን አትጀምር፤ አሮጌ ክር ይዋሻል።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቅኝት የሙቀት ጉዳይ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። ከመኪና እንደወረድክ አትቃኝ፤ ሳጥኑን ከፍተህ 30 ደቂቃ ያህል የክፍሉን አየር ይልመድ።

ጥያቄ፦ የአንቺሆዬን ቅኝት በዴዝ ሜታል ጊታር ለመጫወት ሞክረን ነበር። በቀጭኑ ክር ያምራል፤ ወፍራሙ ላይ ከባድ ሪፍ ስናደርገው ግን ቅኝቱ ይጠፋል። ድራመራችን ደግሞ ጭክጭካ ላይ ብላስት (በጣም ፈጣኑ የሜታል ድራም አመታት) ሲገባ ምቱ ይምታታበታል። ይቻላል? (አራት ጓደኛሞች፣ ደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ደግሞም መሞከር ያለበት ነው። የቅኝቶቹ አገር ወሎ ነው፤ ከአንቺሆዬ የተሻለ ለዚህ ሙዚቃ የተመቸ ቅኝትም እምብዛም የለም።

ከሲ ስትነሱ አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሲ በተቃኘው ወፍራም ክር ላይ ባዶው ክር፣ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ፣ 9ኛና 12ኛ ፍሬት ይሆናል። ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤቶች አሉት (ባዶውና 1ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው)፤ ባዶውና 6ኛው ፍሬት ደግሞ ዴዝ ሜታል ከጥንት ጀምሮ የሚኖርበትን ያንን አስጨናቂ ርቀት ይሰጣሉ።

ቅኝቱን ያጠፋባችሁ የእጅ ልማድ ነው። ሜታል ጊታሪስት መነሻውንና አምስተኛውን (ከመነሻው 7 ፍሬት ከፍ ያለውን ኖታ) አንድ ላይ መምታት ለምዷል። ሲ ላይ ይህን ስታደርጉ ጂ ይገባል። አንቺሆዬ ውስጥ ጂ የለም፤ ያለው ጂ ፍላት ነው። ጂው አንዴ ከተሰማ ጆሮ አምባሰልን መጠበቅ ይጀምራል። ከአምስቱ ኖታዎች አምስተኛቸው ቅኝቱ ውስጥ የሚገኝላቸው ሁለት ብቻ ናቸው፦ ኤፍ እና ጂ ፍላት። ስለዚህ ባለ ሁለት ኖታውን አመታት 5ኛና 6ኛ ፍሬት ላይ ብቻ ተጠቀሙ፤ ሌሎቹን በነጠላ ኖታ ወይም በኦክታቭ ምቱ። ሁለት ጊታር ካላችሁ አንዱ ከቤዙ ጋር ወፍራሙን ይያዝ፣ ሌላው አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ዜማውን ይሂድ።

ሲ እና ዲ ፍላትን አንድ ላይ የመምታት ፈተና ይመጣባችኋል። እታች ላይ 65.4 እና 69.3 ኸርዝ ስለሆኑ ልዩነታቸው በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል የሚያብጥና የሚሟሽሽ ድምፅ ይፈጥራል፣ የእግር ድራሙንም ይሸፍነዋል። አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጉት፤ መፋተጉ ይቀራል፣ ጭቃው ይጠራል። ዲስቶርሽኑንም ለብቻችሁ ስትለማመዱ ከምትወዱት መጠን አንድ ሦስተኛ ቀንሱት።

አምባሰል (ባዶ፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8) ለጀማሪ ይቀላል፤ ባዶው፣ 1ኛውና 5ኛው ሦስቱም አምስተኛቸውን ቅኝቱ ውስጥ ያገኛሉ። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስትዘፍን ዜማው ወደ መነሻው የሚመለስበትን መንገድ አድምጡ። ሪፋችሁም ሲያርፍ በ1ኛው ፍሬት በኩል ወደ ባዶው ክር ቢወርድ ቅኝቱ ወዲያው ይታወቃል።

ድራሙን በተመለከተ ቀላሉን ጭክጭካ ያዙ፦ ስድስት ምት፣ ጭብጨባው 1 እና 4 ላይ። ብላስት እግርና እጅን ያፈራርቃል፤ እግር 1፣ 3፣ 5፣ እጅ 2፣ 4፣ 6። እንግዲህ የመጀመሪያው ጭብጨባ ከእግር ጋር፣ ሁለተኛው ከእጅ ጋር ይገጥማል። ድራመራችሁ እግሩን ብቻ ሲከተል ሁለት የነበረው ጭብጨባ ሦስት ይሆንበታል፣ ምቱ የሚምታታውም እዚህ ነው። ድራሙን ከመንካቱ በፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርና እጁን ያፈራርቅ፣ ሌሎቻችሁ 1 እና 4 ላይ አጨብጭቡ፣ እሱም ጭብጨባውን በአፉ ይቁጠር። ጭብጨባውን በደቂቃ 80 ጀምሩ፤ ይህ 240 ምት ነው። አራት ደቂቃ ሳይስት ሲቆይ በ5 ጨምሩ። 120 ሲደርስ 360 ምት ይሆናል፣ እሱ በቂ ነው። ሲምባሉን ሁልጊዜ 1 እና 4 ላይ ያድርግ፣ የእግሩን ዱካ እንዳይከተል። ሲምባሉ ነው ለሰሚው ጭክጭካነቱን የሚነግረው።

ጥያቄ፦ የዴዝ ሜታሉን ጩኸት ስለማመድ ጉሮሮዬ ይቃጠላል፣ በማግስቱ ድምፄ ይዘጋል። እየለመደ ይሄዳል? (ሰ.፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አይለምድም፣ ይጎዳል። መቃጠል ከጀመረ ያን ቀን ያቁሙ። ትክክለኛው ጩኸት ከውጭ እንደሚመስለው ኃይለኛ አይደለም፤ ከንግግር ብዙም የማይበልጥ ድምፅ ነው፣ የሚያጎላው ማይክራፎኑ ነው። ከረጅም ትንፋሽ፣ ከከባድ የእፎይታ ድምፅ ይጀምሩና ያቺን ሻካራነት ብቻ ይጨምሩ፤ አየሩን ከሆድ ይግፉ፣ አንገትዎ ላይ ጅማት ከተገተረ እየገፉ ያሉት በጉሮሮ ነው። በቀን ከ15 ደቂቃ አይበልጡ። ውኃ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሰዓታት ይጠጡ፤ በጫት የደረቀ ጉሮሮ ይዘው ደግሞ ጨርሶ አይለማመዱ። የድምፅ መዘጋቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሐኪም ያሳዩ፤ የድምፅ አውታር ላይ የሚበቅል እብጠት ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በዕረፍትና በድምፅ ሕክምና ይመለሳል።