«ምን ልጨምር?» ከማለታችሁ በፊት

የሊኑክስ እምብርት በሆነው ፕሮግራም፣ በከርነሉ ላይ ለመሥራት የምትጓጉ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ምን መጨመር እንደምትችሉ ነው። እኔ ደግሞ ያለው ነገር ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ ጠይቁ እላለሁ። አሰልቺ ምክር ነው፤ ስለዚህ በመልቲካስት ላስረዳ።

መልቲካስት ላኪው አንድ ጊዜ ልኮ፣ የፈለጉት ሁሉ እንዲቀበሉ የሚያደርግ አሠራር ነው። ስቲቭ ዲሪንግ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው አርኤፍሲ 1112 በተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ መሠረት፣ ተቀባዩ ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ካሉት አድራሻዎች የመረጠውን ቡድን ይቀላቀላል። ጥያቄውን የሚያቀርበው ፕሮግራሙ ነው፤ በኔትወርኩ ላይ አባል ሆኖ የሚታወቀው ግን ኮምፒውተሩ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው። በሊኑክስ አንድ ፕሮግራም ቡድን ሲቀላቀል፣ በዚያው ፖርት (የመቀበያ በር ቁጥር) ላይ አድራሻ ሳይወስን ሶኬት (ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ) የከፈተ ሌላ ፕሮግራምም ያልጠየቀው ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ይደርሰዋል።

እናንተ ብትሆኑ ይህን ስህተት ነው ብላችሁ ወዲያው ታስተካክሉት ነበር። የከርነሉ ሰዎች ግን በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው የከርነሉ ስሪት 2.6.31 «አይፒ መልቲካስት ኦል» የሚባል የሶኬት አማራጭ ጨመሩ። ዝም ካላችሁት የድሮው ጠባይ ይቀጥላል፤ ዜሮ ካደረጋችሁት ሶኬቱ ራሱ የተቀላቀላቸውን ቡድኖች ብቻ ይቀበላል። የሆነ ቦታ በዚያ ጠባይ ተማምኖ የሚሠራ ፕሮግራም አይጠፋምና። ይህ የተደረገው ለአይፒ (ለኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) ስሪት 4 ነው፤ ለአዲሱ ስሪት 6 ተመሳሳዩ አማራጭ የመጣው ግን በ2018 እ.ኤ.አ.፣ በከርነሉ ስሪት 4.20 ነው። ይህን መዘግየት አላደንቅም። ስሪት 4ን በነካችሁበት ቀን ስሪት 6ንም ክፈቱና እዩ።

ሌላም አለ። ሊኑክስን መልቲካስት ራውተር ለማድረግ የሚያገለግለው ኮድ በአንድ ሰንጠረዥ 32 የኔትወርክ መገናኛዎችን (ኢንተርፌሶችን) ብቻ ይፈቅዳል። ቁጥሩን ወደ 64 ማሳደግ የአንድ መስመር ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ርዝመቱን ይህ ቁጥር የሚወስነው ዝርዝር የተቀመጠው የራውተር ፕሮግራሞች ለከርነሉ በሚያቀብሉት መዋቅር ውስጥ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ መዋቅሩ ይሰፋል፤ ከዓመታት በፊት የተጠናቀረው ፕሮግራም የሚልከው መጠን ከሚጠበቀው ጋር ስለማይገጥም ከርነሉ አይቀበለውም። ከቁጥሩ በታች ያለው ማስታወሻም የተጠቃሚ ፕሮግራሞች በዚህ ላይ እንደሚመኩ በግልጽ ይናገራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ማስታወሻ ለማያነብ ሰው ነው።

ሃርድዌሩንም አትመኑ። ከቡድን አድራሻው 28 ቢቶች ወደ ኢተርኔት አድራሻ የሚተላለፉት 23ቱ ብቻ በመሆናቸው 32 ቡድኖች አንድ የካርድ አድራሻ ይጋራሉ። ካርዱ ያሳለፈውን ከርነሉ እንደገና ማጣራት አለበት።

ስትፈትኑ ደግሞ በራሳችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ አትወሰኑ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የአይጂኤምፒ (ኮምፒውተሩ የቡድን አባልነቱን ለራውተር የሚያሳውቅበት ስምምነት) ስሪት ተቀባዩ ላኪውን ጭምር እንዲመርጥ ያስችላል። በኔትወርኩ ላይ በሁለተኛው ስሪት የሚጠይቅ ራውተር ካለ ግን ከርነሉ ወደዚያ ዝቅ ብሎ መመለስ ግድ ይለዋል፤ የላኪው ምርጫም ለራውተሩ ሳይነገር ይቀራል። እንዲህ ያለ አሮጌ ራውተር ፈልጋችሁ አገናኙ፤ ከዚያ አንድ ላኪ ብቻ የመረጠው ሶኬት የሌላውን ፓኬት ተቀብሎ እንደሆነ ተመልከቱ።